በፎቶው ላይ የአባባ ጥላ የለም

ይድረስ ለታናሽ ወንድሜ ለሲሞን አቢሶ፣ ሆሳዕና፤

የጌታ ሰላም ከደጃፍህ እስከ ጓዳህ ይሙላ። እንዴት ነህ ወንድሜ? ዓይንህ እንዴት ነው? ቀኑን ሙሉ ኮምፒዩተር ላይ አፍጥጠህ እንደምትውል ስለማውቅ ከሁሉ አስቀድሜ የምጠይቀው ዓይንህን ነው። ባለቤትህ ዕፀገነት እንዴት ናት? ወገቧን ተሻላት? ትንሿ ፅናት የፊት ጥርሷ በቀለላት? ዝናቡስ እንዴት ይዟችኋል? የፎቶ ቤትህ ጣሪያ ዘንድሮም ያፈሳል ወይስ አስጠገንከው? እማዬ እንዴት ናት? እህል ትቀምሳለች? እንቅልፍ ይወስዳታል? እኛ እዚህ በጌታ ቸርነት ደህና ነን። ባለቤቴ ታምራት ደህና ነው፣ ልጄ ሀሴት ደህና ናት፣ እኔም በእግሬ እየሄድኩ ነው። የጆሃንስበርጉ፣ የዛንድስፕሩት ብርድ ሊወጣ ጥቂት ቀርቶታል፤ አሁን ተራው የአቧራው ነው። ጠዋት የወለወልኩት የሱቄ መደርደሪያ ላይ ከሰዓት በኋላ ስሜን በጣቴ መጻፍ እችላለሁ።

ከቤቱ ሰው አንዱን ሳልጠይቅ እንዳለፍኩ ሳታስተውል አትቀርም። ረስቼው አይደለም፣ ሲሞንዬ። እደርስበታለሁ።

የምጽፍልህ ስልክ አጥቼ አይደለም። ስደውል አንተ ‹‹ሄሎ፣ ሄሎ፣ ኔትወርኩ እኮ›› እያልክ ታመልጠኛለህ፤ ይህን ጨዋታ አምስት ወር ሙሉ ተጫውተህብኛል። ወረቀት ግን አይቆራረጥም። ጎረቤታችን ሚስባህ ዓርብ ወደ አገር ቤት ስለሚበር በእሱ እጅ እልከዋለሁ። ሲሰጥህ የፎቶ ቤቱን በር ዝጋና ብቻህን ሆነህ እስከ መጨረሻው አንብበው። ፊደሌ ቢያስቸግርህ ይቅር በለኝ። ከሰኞ ጀምሮ ራሴን አይደለሁም። ክው እንዳልኩ ነው ያለሁት። ደንበኛ ሰላም ሲለኝ አፌ ይመልሳል እንጂ እኔ የለሁም።

ነገሩ ያንተው ፎቶ ነው፣ እዚህ ባለችው የአገራችን ልጅ በኤርጎጌ እጅ የላክልኝ ባለ ፍሬሙ ትልቁ የቤተሰብ ፎቶ። የጨቀጨቅኩህ እኔ ነኝ፣ አልክድም። ‹‹የአባባን ድምፅ ከለከላችሁኝ፣ ቪዲዮም ከለከላችሁኝ፣ ቢያንስ አንድ ፎቶ አንስተህ ላክልኝ›› ብዬ ያልለመንኩህ ቀን አልነበረም። ኤርጎጌ ከአገር ቤት እንደተመለሰች ሱቄ ድረስ አምጥታ ሰጠችኝ። ግቢ ብላት አልገባም አለች፣ ሻይ ብላት ታክሲ ያመልጠኛል አለችኝ። እዚህ ታክሲ በየአምስት ደቂቃው ነው የሚያልፈው። እኔ ግን ደስታዬ ዓይኔን ጋርዶት ምኑንም አላስተዋልኩም።

ካርቶኑን ቀድጄ ሳየው፣ እማዬ መሃል ላይ ወንበር ላይ ተቀምጣለች፣ እኔ የላክሁላትን ቢጫ አበባማ ቀሚስ ለብሳለች። አንተና ዕፀገነት በአንድ ጎኗ ቆማችኋል፣ ፅናት ከፊት ተንበርክካለች። በሌላው ጎኗ፣ ከወንበሩ ትንሽ ወደ ኋላ ብሎ፣ አባባ በዚያ ቡናማ ኮቱ ቆሟል። ጉንጩ ሞልቶ! ባለፈው ዓመት በቪዲዮ ለመጨረሻ ጊዜ ሳየው እኮ ጉንጩ ጎድጉዶ፣ አንገቱ ቀጥኖ ኮሌታው ውስጥ ሲዋልል ነበር። እዚህ ግን ሙሉ ሰው ሆኗል፤ ከሽበቱ በቀር ምንም አልነካውም። እልልታዬን አቀለጥኩት። ዳቦ ልትገዛ የቆመች አንዲት አሮጊት ደንበኛዬ፣ ሰፈሩ ሁሉ ጎጎ፣ አያቴ እንደማለት፣ የሚላት፣ በብረት ፍርግርጉ በኩል ‹‹ሃይቦ! ሲሲ፣ እህቴ፣ ምን ሆንሽ?›› ብላ ደነገጠች። ፎቶውን አዙሬ አሳየኋትና አባቴ ዳነ አልኳት። እሷም አጨበጨበችልኝ።

እሱም አልበቃኝ። እሑድ ፍሬሙን በነጠላ ጠቅልዬ ቤተ ክርስቲያን ይዤው ሄድኩ። ምስክርነት አለኝ ብዬ ወጣሁ፣ ሲሞን። መድረክ ላይ ቆሜ ‹‹አባቴ ታሞ ጸልያችሁለት ነበር፤ ይኸው ጌታ ሥጋውን መለሰለት›› አልኩና ፎቶውን ከራሴ በላይ ከፍ አድርጌ ያዝኩት። ከኋላ ያሉት ወጣቶች ሃሌሉያ እያሉ ዘለሉ። ከፊት የተቀመጡት የሆሳዕና ሽማግሌዎች ግን አንገታቸውን ደፍተው ጫማቸውን ያያሉ። መጋቢው ማይክራፎኑን ሲቀበለኝ ትከሻዬን መታ መታ አደረገና ቀስ ብሎ ‹‹ጌታ ያጽናሽ›› አለኝ። ይህ ለምስክርነት የሚባል ነው? ያኔ ሰውዬው ደክሞት ነው ብዬ አለፍኩት። አሁን ሳስበው ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ እመርጥ ነበር። ስንት ሰው እያወቀ ነው ያን ፎቶ ተሸክሜ የጨፈርኩት?

ወደ ሰኞው ልምጣ። ሀሴት ዘንድሮ አሥረኛ ክፍል ናት። ትምህርት ምረጪ ስትባል ሒሳብ አያያዙን ትታ ሥዕል መረጠች፤ እኔም ሥዕል ምን ያበላል ብዬ አንድ ሳምንት አኮረፍኳት። ሥዕል ማለት ለእኔ አበባና ጎጆ ነበር። ለካ ሌላ ነው። ሥዕል የራሱ ፊደል አለው ትለኛለች። መስመር፣ ቅርፅ፣ ቀለም፣ ብርሃንና ጥላ፣ ሸካራና ለስላሳ፣ ባዶ ቦታ፤ እነዚህ ፊደሎቹ ናቸው። ከዚያ ደግሞ ፊደሎቹ ተያይዘው የሚቆሙበት ሕግ አለ፣ ሚዛኑ፣ የትልቅና የትንሹ ምጥጥን፣ ዓይን መጀመሪያ የሚያርፍበት ቦታ። አንድ ቅዳሜ ሱቄን ሙሉ ገለባበጠችው። የሳሙናው ቀይ ካርቶን ከቲማቲም ቆርቆሮው ጋር ሆኖ ሁሉም እየጮኸ ማንም አይሰማም ብላ ለያየቻቸው፤ መሃል ላይ አንድ መደርደሪያ ባዶ ተወችብኝ። ቦታ አባከንሽ ብዬ ጮህኩባት። ደንበኞቼ ግን የሚፈልጉትን ቶሎ ማግኘት ጀመሩ፤ እኔም እንዳደረገችው ተውኩት።

ባለፈው ሳምንት አስተማሪያቸው የቤት ሥራ ሰጠቻቸው። የቤተሰብ ፎቶ ፈልጉና ከላዩ ስስ ወረቀት አንጥፋችሁ በእርሳስ መርምሩት፤ ሰዎቹን እንደማታውቋቸው ሁኑ፣ ፊት አትዩ፣ መስመርና ብርሃን ብቻ እዩ አለቻቸው። ሀሴት ሰኞ ከትምህርት ቤት መጥታ ዩኒፎርሟን እንኳን ሳታወልቅ ፍሬሙን ከማቀዝቀዣው በላይ አወረደችና የለስላሳ ሳጥን ላይ ተቀመጠች። እኔ የመጣውን ዳቦ እደረድራለሁ። ትንሽ ቆይታ ለብቻዋ ማጉረምረም ጀመረች። ምን ሆንሽ ስላት ‹‹ማሚ፣ አንክል ሲሞን ፌል ነው የሚያደርገው›› አለችኝ፤ በእኛ ክፍል ቢሆን ይወድቃል ማለቷ ነው። ሳቄ መጣ። አጎትሽ እኮ የሆሳዕና አንደኛ ፎቶ አንሺ ነው አልኳት።

ጠርዛችሁን ተከትላ መስመር ስባ ነበር። የሁላችሁም ጠርዝ፣ ፀጉራችሁም ትከሻችሁም፣ ከኋላ ካለው መጋረጃ ጋር ለስለስ ብሎ ይገናኛል አለች፤ የአያቴ ጠርዝ ግን በመቀስ የተቆረጠ ይመስላል አለችኝ። እኔም አባባ ድሮም ቀጥ ያለ ሰው ነው ብዬ ቀለድኩ። ጌታ ይቅር ይበለኝ፣ ቀለድኩ።

ቀጥላ ትንንሽ ቀስቶች አደረገች፣ ብርሃኑ ከየት እንደመጣ ለማሳየት። ለሁላችሁም የመጣው ከግራ ነው፤ የእማዬ አፍንጫ ጥላ ቀኝ ጉንጯ ላይ ወድቋል፣ ያንተም፣ የዕፀገነትም። የአባባ ብቻ በግራ ነው የወደቀው። በእሱ በኩል ፀሐይ በሌላ ወገን ነው የወጣችው አለች። ደግሞ ወደ ወለሉ ወረደች። ከእናንተ እግር ሥር ጥላ አለ፤ ከወንበሩ እግር ሥር እንኳን አለ። ከአባባ ጫማ ሥር ግን የለም። ልጄ ቀና ብላ ‹‹ማሚ፣ አያቴ መሬት አልነካም›› አለችኝ።

እኔ አሁንም አልገባኝም ነበር። ማስመሪያዋን አወጣችና ራሳችሁን ለካች። ከኋላ የቆመ ሰው አነስ ማለት አለበት፣ አያቴ ግን ከኋላ ቆሞ ራሱ ከአንክል ራስ ይበልጣል፤ ሽበቱም ከላይ የተቀባ ነው፣ ከሥሩ ያለው ቆዳ የአሮጌ ሰው ቆዳ አይደለም አለች። ከዚያ እርሳሷን አስቀምጣ እንደ ቀላል ነገር ‹‹ከሌላ ፎቶ ቆርጦ ነው የለጠፈው። ባድ ኤዲት! ግን ለምን? የዛን ቀን አያቴ ቤት አልነበረም?›› ብላ ጠየቀችኝ።

ሲሞን፣ ይህች ልጅ እዚህ የተወለደች ናት። በሩቅ ላለ ሰው ሞት እንደሚደበቅ፣ ሽማግሌ ተመርጦ፣ ቀን ተቆርጦ፣ ሰው ተሰብስቦ እንደሚረዳ ከየት ታውቃለች? ለእሷ የተበላሸ የቤት ሥራ ነው። ‹‹ለምን?›› ያለችው ቃል ግን ጆሮዬ ውስጥ ጭው ብሎ ቀረ። ዳቦ በሁለት እጄ እንደያዝኩ ቆሜያለሁ። አንድ ደንበኛ ግማሽ ዳቦ ሲለኝ ሻማ ሰጠሁት። ዳቦ ነው ያልኩሽ ሲለኝ ሌላ ሻማ ጨመርኩለት። ሰውዬው ዓይኔን አይቶ ሁለቱንም ሻማ ጠረጴዛው ላይ መለሰና ሄደ።

ሀሴት ገና ቀለሙ ቀርቷት ነበር። ቀለም ጓደኛ ይፈልጋል አለችኝ፤ የእማዬ ቢጫ በፅናት ሪባን ላይ ተደግሟል፣ ያንተ ሸሚዝ አረንጓዴ በመጋረጃው ላይ አለ፣ ፎቶውን አንድ የሚያደርገው ይህ ነው። ‹‹አንድ ቀለም ግን ብቻውን ነው›› ብላ የአባባን ቀኝ እጅ አሳየችኝ። እጁ ወንበሩ ጫፍ ላይ ያረፈ ይመስላል፣ ጣቶቹ ግን ወንበሩን አልነኩትም፤ የሆነ ነገር ጨብጠው ታጥፈዋል። በሁለቱ ጣቶቹ መሃል የሩዝ ፍሬ የምታክል ሰማያዊ አለች። በስልኳ አንስታ አጎላችልኝ። የሹራብ ክር ነው።

ያ ሹራብ የእኔ ነው። ከቤት የወጣሁ ዕለት የለበስኩት ነው። አንተ ያኔ የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ነበርክ፣ አታስታውሰው ይሆናል። አባባ አውቶቡስ ከመሳፈሬ በፊት ፎቶ ቤት ወሰደኝ። አጠገቤ ቆሞ ትከሻዬን ያዘኝ፤ መያዝ ብቻ አይደለም፣ ጨመቀኝ። አጥንቴን እስኪያመኝ። ‹‹ፎቶ ላይ እንዳታለቅሺ፣ እናትሽ ሁልጊዜ የምታየው ነው›› አለኝ። ያን ፎቶ አንድም ቀን አይቼው አላውቅም፣ ሳይታጠብ ነው የሄድኩት። አሥራ ሰባት ዓመት ሆነው። አንተ አሁን ፎቶውን ከግድግዳ አውርደህ፣ እኔን ቆርጠህ ጥለህ፣ እሱን ወስደህ ከእማዬ አጠገብ አቆምከው። ጣቶቹን ግን ከሹራቤ ማላቀቅ አቃተህ።

አባባ ሞቷል። ይኸው፣ እኔው ራሴ ጻፍኩት። እናንተ አምስት ወር ያቃታችሁን ሁለት ቃል እኔ በአንድ መስመር ጻፍኩት።

ልሰድብህ እፈልጋለሁ። ፎቶ ቤት ከከፈትክ አሥራ አንድ ዓመትህ ነው፣ እንዴት ጥላ ትረሳለህ? የሰው ሙሽራ ከዳመና ላይ አስቀምጠህ፣ ከኋላዋ ፏፏቴ አፍስሰህ ነውር የማይገኝብህ ሰው ለገዛ አባትህ አንድ መዳፍ ጥላ ከጫማው ሥር መቀባት አቃተህ? ደግሞ እመለሳለሁና ሥራህን ስትሠራ በዓይኔ ይታየኛል። በዚያ ጠባብ ክፍል ውስጥ፣ ፊቱን በስክሪኑ ላይ አጉልተህ፣ ፀጉሩን አንድ በአንድ ስታሸብት። ያን ጊዜ እንባህ ነው ዓይንህን የጋረደው። ዓይንህን መጀመሪያ የጠየቅኩህ ለዚህ ነው።

ለመቆጣትም አፍ የለኝም። የወይዘሮ በለጥሽን ልጅ ሲላስን ታስታውሰዋለህ? ሶዌቶ ሳለን ከእኛ ጋር ሱቅ የሚሠራው ልጅ። በመኪና አደጋ ሲሞት ሬሳው እስኪላክ ድረስ ስልኩን የያዝኩት እኔ ነበርኩ። እናቱ ስትደውል ‹‹ለሥራ ኬፕታውን ሄዷል፣ እዚያ ኔትወርክ የለም›› እላት ነበር። ሦስት ሳምንት። አንድ ቀን ‹‹ልጄን እንደ እናት ያዝሽልኝ፣ ልጅሽ ይባረክ›› ብላ መረቀችኝ። እኔም አሜን አልኩ፣ ሲሞን። ሴትዮዋ ያን አሜን እስከ ዛሬ ታስታውስ ይሆን? ከሰኞ ጀምሮ ስለ አባባ ሳስብ ወይዘሮ በለጥሽ በመሃል ትገባብኛለች።

ታምራት ከከተማ ዕቃ ጭኖ ሲመለስ ፎቶውን ፊቱ ላይ ደቅኜ ጠየቅኩት። ሀሴት ልጅ ናት፣ ምን ታውቃለች አለኝ። ከዚያ ተነስቶ ከማቀዝቀዣው ቀዝቃዛውን ለስላሳ እያወጣ መሬት ደረደረ፣ ትኩሱን አስገባ፣ ደግሞ ትኩሱን አወጣ። በመጨረሻ ጀርባውን እንደሰጠኝ ‹‹እኔን አትጠይቂኝ፣ አማረች›› አለ። እናንተ እንዳስማላችሁት ገባኝ። ሰውዬው በእኔ ፊት ምግብ የማይወርድለት ለካ ጨጓራው ታሞ አይደለም።

ያልገባኝ ሁሉ አሁን እየመጣ ይመታኛል። አባባ ተኝቷል፤ አባባ ጉሮሮው ስለታመመ ሐኪም አትናገር ብሎታል፤ አባባ ለኮንፈረንስ ወንሾ ሄዷል፤ አባባ ጆሮው ስልክ አይቀበልም። ጉሮሮውም ጆሮውም የታመመ ሰው ኮንፈረንስ ሄዶ ምን ያደርጋል? ይህን እንኳን አልጠየቅኩም። ለምን እንደደበቃችሁኝም አውቃለሁ። የስደተኛ ወረቀቷ ከአገር አያስወጣትም፣ ከወጣች አትመለስም፣ መጥታ ካልቀበረች ለምን በሰው አገር ብቻዋን እናቃጥላት ብላችሁ ነው። አስባችሁልኝ ነው። እኔ ግን እዚህ ለሞተ ሰው መድኃኒት ስጠይቅ፣ ሹራብ ስገዛለት፣ ጠዋት ጠዋት ጌታ ሆይ አባቴን አንሣው እያልኩ ስጸልይ ነበር።

ከሁሉ የከበደኝ ሌላ ነው። ከሰኞ ጀምሮ አላለቀስኩም። ማንም አልነገረኝማ! ሳልረዳ እንዴት ብዬ ልጩህ? ብጮህ ሰው ምን ሆነሽ ይለኛል፣ እኔም ፎቶ አይቼ ነው ልል ነው? እዚህ ጎረቤቶቼ ለቅሶ ለመቀመጥ የሽማግሌውን ቃል ነው የሚጠብቁት፣ ሽማግሌዎቹ ያንተን ቃል፣ አንተ ደግሞ ማንን እንደምትጠብቅ አላውቅም። ደረቴ ውስጥ እንደ ድንጋይ ተቀምጦ አልወጣ አለኝ። ዳቦ እሸጣለሁ፣ የስልክ ኤርታይም እሸጣለሁ፣ ሳውቦና ብዬ ሰላም እላለሁ። ሀሴት እንኳን ነገሩን ስነግራት ወዲያው አለቀሰች፤ እኔ እሷን ሳባብል ዋልኩ። ወረቀቷን ልትቀድደው ነበር፣ ከእጇ ቀማኋት።

እስከዚህ ድረስ የጻፍኩት ትናንት ነው። ዛሬ ጠዋት ሱቁን ሳልከፍት የሀሴትን ስስ ወረቀት መስኮቱ ላይ ለጥፌ አየሁት። ፊት የለበትም፣ መስመር ብቻ ነው። ሁሉም መስመር ቀጭን ሆኖ አንድ ቦታ ግን እርሳሷን ተጭና አጥቁራዋለች፤ ወረቀቱ ሊቀደድ ምንም አልቀረውም። ጠርቼ ይህ ምንድን ነው አልኳት። በጣም ደማቁና በጣም ጥቁሩ የሚነካኩበት ቦታ ነው አለችኝ፤ ዓይን ሳይወድ በግዱ መጀመሪያ እዚያ ነው የሚሄደው፣ አስተማሪዋ ያን ቦታ አድምቁት ብላቸዋለች። ቦታው የእማዬ እጅ አንጓ ነው።

ፍሬሙን አውርጄ አየሁ። የላክሁላት ቢጫ ቀሚስ እጅጌው ሰፊ ነው። ከእጅጌው ሥር፣ ከአንጓዋ ላይ፣ የጣት ግማሽ የምትሆን ጥቁር ጨርቅ ወጥታለች። አንገቷንም አየሁት፣ እዚያም በቢጫው ጠርዝ ቀጭን ጥቁር ክር ዞሯል። ሲሞን፣ እማዬ ጥቁሯን አላወለቀችም። ቢጫውን ከላዩ ነው የደረበችው።

ደግሞ እጇን ተመልከት። አንተ እጃችሁን አጣምሩ ብለህ ሁሉንም አስተካክለሃል፣ ዕፀገነት አጣምራለች፣ ፅናትም አጣምራለች። እማዬ ግን አንዱን እጇን ከሌላው አላቅቃ፣ መዳፏን ወደ ላይ አድርጋ፣ እጅጌዋን ወደ ክንዷ ገፋ አድርጋ ጉልበቷ ላይ አስቀምጣዋለች። ፊቷ የካሜራውን መስታወት አይመለከትም፣ ከዚያ አልፎ ነው የሚያየው። ፊደል የማታውቅ እናቴ፣ ስልክ ስትይዝ አጠገቧ ቆማችሁ የምትጠብቋት እናቴ፣ አንተው በምታነሳው ፎቶ ውስጥ ቁጭ ብላ ነገረችኝ። አንተ የፊቷን መስመር ሁሉ አጥፍተህላታል፣ ያቺን ጥቁር ግን አላጠፋህም። አላየሃትም? ወይስ አይተህ ተውክልኝ?

የዚያን ጊዜ ነው የወጣልኝ። ፍሬሙን አቅፌ መሬት ላይ ተቀመጥኩና ጮህኩ። ታምራት ሮጦ መጣ፣ ጎረቤቶች መጡ፣ ኤርጎጌ ነጠላዋን አዘቅዝቃ መጣች። ጎጎ እንኳን በፍርግርጉ በኩል እጇን አስገብታ ራሴን ስትዳብሰኝ ነበር። ማንንም አልጠበቅኩም። ሱቁ እስከ ማክሰኞ ዝግ ነው። ታምራት ምንጣፍ አንጥፏል፣ እኔም ጥቁሬን ለብሼ ከምንጣፉ ላይ ነው ይህን የምጨርስልህ። ያረዳችኝ እናቴ ናት፣ ስለዚህ ሽማግሌ አትላኩብኝ።

አንተ ግን አራት ነገር አድርግልኝ። አንደኛ፣ የሞተበትን ቀን ንገረኝ፣ ሰዓቱንም ጭምር፤ ያን ሰዓት እኔ ምን ሳደርግ እንደነበር ማወቅ እፈልጋለሁ። ሁለተኛ፣ ጠርቶኝ እንደሆነ ንገረኝ። ካልጠራኝም ደብቀህ አታሳምርልኝ፣ የሆነውን ብቻ ንገረኝ። ሦስተኛ፣ የቀብሩን ፎቶ ካነሳህ ሳትነካካው ላክልኝ። አራተኛ፣ ያን የድሮ ፎቶ ኮምፒዩተርህ ውስጥ ሙሉውን እንዳስቀረኸው አውቃለሁ፤ እኔም እሱም ያለንበትን፣ ትከሻዬን እንደያዘኝ፣ ሳይቆረጥ አውጥተህ ላክልኝ። አልተቀየምኩህም። ተቀይሜህ ነበር፣ እስከ ትናንት ድረስ፤ አሁን ግን አቅሙም የለኝም። አንተም እኮ አባትህን በደንብ አላለቀስከውም፤ እኔን ስትደብቅ አምስት ወር ሳቅ ስትቀባ ከረምክ።

ዕፀገነትን ሳምልኝ፤ እማዬን ስላስታመመች ጌታ ዋጋዋን ይክፈላት። ፅናትን አክስትሽ በሪባንሽ ኮራች በላት። ጎረቤታችን ጋሽ አብዱልመጂድ ከአባባ ጋር በየማታው በር ላይ ይቀመጡ ነበርና፣ ለቅሶ ስለደረሱልኝ፣ እኔ መድረስ ባለብኝ ቦታ ስለቆሙ እግዚአብሔር ይስጥልኝ በልልኝ። ወይዘሮ በለጥሽን ፈልጋቸውና አማረች ይቅርታ ትጠይቅዎታለች በላቸው፤ ምን አድርጋ ብለው ቢጠይቁህ እርስዎ ያውቁታል በላቸው። ሀሴትም አንክል ሲሞንን ሰላም በይልኝ ብላሃለች፤ ፌል ያልኩትን አንስቻለሁ አለች። ታምራትም ይቅር በሉኝ ብሏል፣ ማንን እንደሚል እንጃ።

እማዬ ዘንድ ስትሄድ ቢጫውን ቀሚስ አጥፈህ አስቀምጠው፣ ጥቁሯን ከላይ ትልበስ። ደብዳቤውን አታንብብላት። አጠገቧ ቁጭ በልና፣ ያቺን እጇን ያዝና፣ ‹‹አይታዋለች›› በላት።

እህትህ አማረች አቢሶ

ዛንድስፕሩት፣ ጆሃንስበርግ
ነሐሴ 8 ቀን 2017 ዓ.ም.